ቀጥ በሉ፣ ላነሳችሁ ነው

ብዙ ፎቶ አንሺዎች አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ። ምርጡ ፎቶ ሰው ሳያውቅ የተነሳው ነው ይላሉ። ሳያስበው ሲስቅ፣ ዞር ሲል፣ ሲጎርስ። እውነተኛው እሱ ነው ይላሉ። ክርክሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ሠርግ ስሠራም ብዙ ሙሽሮች የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እኔ ግን አልስማማም። በተለይ መስከረም ሲጠባ፣ በተለይ አዲስ አበባ መሃል፣ ጭራሽ አልስማማም።

እኔ የምወደው ሰዎች ተሰብስበው፣ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሌንሱን ፊት ለፊት እያዩ የሚነሱትን ፎቶ ነው። አያት መሃል፣ ልጆች ከፊት፣ ጎረምሶች ከኋላ። በየቤቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ዓይነት። ይህን ፎቶ ጊዜ ያለፈበት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ዛሬ ልሟገትለት ነው።

መስከረም አንድ ቀን ካሜራ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ሂዱ። ዝናቡ ጨርሶ ባይወጣም ሰማዩ ተከፍቷል። አየሩ ታጥቧል። በሕንፃዎቹ መሃል ክፍተት ባለበት ሁሉ የእንጦጦ ጋራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዋዜማውን በየመንገዱ ዳር ሲሸጥ ያመሸው ቄጤማና አደይ አበባ ርጋፊው አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ወንዶቹ ልጆች በቀለም የሣሉትን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዘው ከበር በር ይሮጣሉ። ሴቶቹ አበባ ይዘው እየጨፈሩ ይዞራሉ። ሃምሳ ሜትር ሳትሄዱ አንዱ ይጠራችኋል።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ አንድ አንሺን።»

ይህን የሚሉት ሰዎች እጅ ላይ ስልክ አለ። አንዳንዴም ስልኩ ከኔ ካሜራ የሚወደድ ነው። ታዲያ ለምን ይጠሩኛል? ምክንያቱን ያወቅኩት የሰዎችን የስልክ አልበም ማየት ስጀምር ነው። በያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ ከፎቶው የሚቀር አንድ ሰው አለ። ስልኩን የሚይዘው ሰው። ብዙ ጊዜ ትልቋ ልጅ ናት፣ አለዚያ አባት። የፋሲካው ፎቶ ላይ የለችም፣ የልደቱ ላይ የለችም፣ ወንድሟ የተመረቀ ዕለት ላይም የለችም። ሰልፊ አለ ትሉኝ ይሆናል። ሰልፊ ላይ ግማሹ ሰው አንገቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ አያትየውም ከጀርባ ተውጠው ይቀራሉ። አንድ መንገደኛ ካሜራ ይዞ ሲያልፍ ያ ቤተሰብ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ ማንም ሳይጎድል መነሳት እንችላለን።

አምና በእንቁጣጣሽ ከሰዓት በኋላ ወዳጅነት አደባባይ ያገኘሁትን ቤተሰብ ልንገራችሁ። ብዙ ናቸው። ሳሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ድፎ ዳቦ ቆርሰዋል፤ ቡናም በፔርሙዝ አምጥተዋል። ጠሩኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ነው እኔ በዓል የምለው።

መጀመሪያ የቦታ ክርክር ተነሳ። እማማ መሃል ይግቡ ተባለ። «አይ፣ እኔ ዳር ይበቃኛል» አሉ። «ኧረ በጭራሽ!» ብሎ ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኸ። ወንበር የለም፤ አንዱ ሮጦ ከጠባቂው ዱካ ተውሶ መጣ። እማማ ተቀመጡ። ጋሼ ከጎናቸው ይቁሙ ተባለ። ጋሼ ደግሞ ታላቅ ወንድማቸው እያለ እንዴት ተደርጎ። ታላቅየው ስልክ እያወሩ ርቀዋል፤ ተጠሩ፤ እየሮጡ መጡ። ትንሹ ልጅ ፊቱ ላይ ቸኮሌት አለ። እናቱ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጠረገችው፤ ልጁ አጉረመረመ። አንዷ ልጅ የአክስቷን የነጠላ ጥለት አየችና «እትዬ፣ ተገልብጧል» ብላ አስተካከለች። አንዱ ጎረምሳ ከኋላ ተደብቆ ነበር። «አንተ፣ ቁመትህን አሳይ እንጂ!» ተባለ። በቅርቡ የገባችው የቤቱ ምራት ከዳር ቆማ ነበር። እማማ አዩዋት። «ነይ፣ እዚህ አጠገቤ» አሏት። እጇንም ያዙ።

ይህ ሁሉ የፈጀው ጊዜ ፎቶውን ከማንሳቱ እጅግ ይረዝማል። ከሩቅ ሌንስ ደብቄ ሲስቁ ባነሳቸው ኖሮ ቆንጆ ፎቶ አገኝ ነበር፤ አልክድም። ግን እማማ ምራታቸውን ወደ መሃል የጠሩት ፎቶ ስለሚነሱ ነው። ታላቅየው ስልካቸውን የዘጉት ፎቶ ስለሚነሱ ነው። ሰልፉ ራሱ ሥራ ይሠራል። እኛ ማን ማን ነን፣ ማን ከማን አጠገብ ይቆማል፣ ማን ገና አልመጣም የሚለውን ጮክ ብለው የሚነጋገሩበት ሌላ አጋጣሚ ብዙ አያገኙም።

ይህ አቋቋም ከየት መጣ? ከመቶ ዓመት በላይ አብሮን ኖሯል። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ። ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጥለውበታል። በዚያ ዘመን ካሜራው ብርሃን ለመቀበል ጊዜ ይፈልግ ስለነበር የሚነሳ ሰው ንቅንቅ ማለት አልነበረበትም። ቀጥ ማለት ግዴታ ነበር። ኋላ ካሜራው ፈጠነ፤ ሰዉ ግን ቀጥ ማለቱን አልተወም። የፒያሳ ስቱዲዮዎች ሲበዙ ደግሞ ወጉ ወደ ተራው ሰው ወረደ። የተሣለ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ባል ይቀመጣል፣ ሚስት ትከሻው ላይ እጇን አድርጋ ትቆማለች፤ አለዚያ ተቃራኒው። አንድ ጥቅል ፊልም ቢበዛ 36 ፎቶ ነው የሚይዘው። ፊልሙ ዋጋ አለው፣ ማሳጠቡ ዋጋ አለው። ስለዚህ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲሄድ ተጣጥቦ፣ ተቀባብቶ፣ ያለውን ምርጥ ልብስ ለብሶ ነበር።

እናቴ በወጣትነቷ ፒያሳ ስቱዲዮ የተነሳችው ፎቶ አለ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ናት። ሦስቱም ጸጉራቸውን አፍሮ አበጥረው፣ ተመሳሳይ ነጭ ጫማ አድርገው፣ አንዳቸውም ሳይስቁ ቆመዋል። የሆነ ትልቅ ነገር የተከበረ ይመስላል። ምን በዓል ነበር ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። «ምንም አልነበረም፣ ደሞዝ ተቀብለን ነው» አለችኝ። የመጀመሪያ ደሞዛቸው ነው። ከዚያ ወጥተው ኬክ በልተዋል። ስቱዲዮው የነበረበት ሰፈር ዛሬ የለም፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙው ክፍል ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ሰፈሩ በጣም ይናፍቀኛል። ፎቶው ግን በደንብ የተነሳ ስለሆነ እስከዛሬ የጫማቸው ማሰሪያ ይቆጠራል።

አሁን ትንሽ ስለ ብርሃን ላውራ፤ ፎቶ አንሺ ሆኖ ስለ ብርሃን ሳያወራ የሚውል የለም። በመስከረም አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ነው። በ6 ሰዓት ሰው ብታነሱ ዓይኑ ስር ጥቁር ጥላ ይወድቃል፤ ቆንጆዋ ሙሽራ እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች። ጥሩው ሰዓት ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ያውም ማታ ላይ ቶሎ በሉ። እኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ወርቃማው ብርሃን አይቆይም። ቡናው ይድገም፣ ከዚያ እንነሳለን ያለ ቤተሰብ በጨለማ ይነሳል።

ሰዓቱ ካልተመቸ ግን አንድ መላ አለ። ነጠላ። ነጭ ነጠላ በሁለት ሰው አስይዛችሁ ከሚነሳው ሰው ደረት በታች ብትዘረጉት ብርሃኑን ወደ ፊቱ ይመልሳል፤ የዓይኑ ስር ጥላ ይለሰልሳል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አለ፤ እኔም አለኝ። በዓል ላይ ግን አላወጣውም። ነጠላው እዚያው አለ፣ የሚይዙትም ልጆች ደስ ይላቸዋል።

ነጩ ልብስ ራሱ ደግሞ የካሜራን ሒሳብ ያምታታል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ፊት ለፊቱ አሥር ሰው ነጭ የሀበሻ ልብስ ለብሶ ሲቆም ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ልብሱ ይቆሽሻል፣ ፊቶቹም ይጨልማሉ። ስለዚህ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በስልክ የምታነሱም ፊቱን ተጭናችሁ ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት። የሰው ፊት ከጥለቱ ይበልጣል።

አንድ ሌላ ነገር። ትልልቅ ሰዎችን «ሳቁ» አትበሏቸው። አይስቁም፤ ቢስቁም ለእናንተ ሲሉ ነው። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ሁሉም ቦታቸውን ከያዙ በኋላ «እማማ፣ እስቲ ይመርቁን» እላለሁ። ይመርቃሉ። ዓመቱን የሰላም ያድርግላችሁ፣ ከርሞ በሙሉ ጤና ያድርሳችሁ፣ የወጣችሁትን በሰላም ይመልሳችሁ ይላሉ። ሁሉም «አሜን» ይላል። ካሜራውን የምጫነው ያኔ ነው። አሜን ያለ ሰው ፊቱ ይፈታል። ልጆቹ ጮክ ብለው ስለሚሉት ጥርሳቸው ይታያል። ጎረምሶቹ ሊስቁ ይዳዳቸዋል። እማማ ደግሞ መራቂ ስለሆኑ ፊታቸው የባለቤት ፊት ነው። የተሰለፈ ፎቶ ነፍስ የለውም ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህን ነው። ብቻ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ አትተዉት፤ በተከታታይ ብዙ አንሱ። ሰው ሲበዛ ዓይኑን የሚጨፍን አይጠፋም።

በዓላቱ ይከታተላሉ። መስከረም 16 ማታ ደመራ ነው። መስቀል አደባባይ ያለውን ትልቁን ደመራ ስንት የውጭና የአገር ውስጥ ፎቶ አንሺ ያነሳዋል። የሰንበት ተማሪዎቹን የደንብ ልብስ፣ ጧፉን፣ የእሳቱን ከፍታ። በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ካስገባው ወዲህ እንግዳውም በዝቷል። እኔ ግን ልቤ ያለው የሰፈሩ ደመራ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ወይ መንደር መሃል ባለች ጠባብ ሜዳ ላይ የሚተከለው። ልጆቹ ከቤት ቤት ገንዘብ አሰባስበው እንጨት ይገዛሉ። አደዩን ጫፉ ላይ ያስራሉ። ታዲያ ከመለኮሱ በፊት፣ ገና ሳይመሽ፣ ሁሉም ከደመራው ፊት ቆሞ መነሳት ይፈልጋል። ያስተከሉት ልጆች በአንድ ወገን፣ አባቶች በአንድ ወገን። እንጨት የተሸከመው ልጅ ትከሻውን እያሻሸ መሃል ይገባል፤ ይገባዋልም። ከተለኮሰ በኋላ ሁሉም የሚያየው እሳቱን ነው፤ ደመራው ወደ የት ይወድቃል የሚለውን። ፎቶ አንሺም ሥራው ያኔ ቀላል ነው፤ እሳት ሁልጊዜ ያምራል። ከመለኮሱ በፊት ያለችው ሩብ ሰዓት ግን የሰዎቹ ናት።

ከዚያ ኢሬቻ ይመጣል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ መሃል አዲስ አበባም፣ ሆራ ፊንፊኔ ላይ ይከበራል። ነጭ ከቀይና ከጥቁር ጋር የለበሱ ወጣቶች እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው በስታዲየም በኩል ሲያልፉ የማቆማቸው እኔ አይደለሁም፤ እነሱ ናቸው እኔን የሚያቆሙኝ። በረድፍ ይቆሙና ሣሩን ከፍ ያደርጉታል። ዒድም እንዲሁ ነው። ባለፉት ዓመታት ዒድ አልፈጥር መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ ሲውል፣ የበልጉ ዝናብ አስፋልቱን ካጠበው በኋላ፣ ከስታዲየሙ ሶላት የሚመለሰው ሕዝብ መንገዱን በነጭ ይሞላዋል። አባትና ሦስት ወንዶች ልጆች ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ጀለቢያ ለብሰው በቁመት ቅደም ተከተል ሲቆሙ ምን ጥበብ ልጨምርበት? ምንም። ዝም ብዬ አነሳለሁ።

ስለ ሙሽሮችና ተመራቂዎች ብዙ አልልም፤ ያው ታውቋቸዋላችሁ። ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት የቆመ ተመራቂ በየዓመቱ አለ። አንበሳው በ1923 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሰሞን ነው የቆመው። ጣሊያን ሮም ወስዶት ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመለሰ። ጋዋን የለበሰ ልጅ ከስሩ ሲቆም ይህን እነግረዋለሁ። ወዲያው ደረቱን ይነፋል። ፎቶውም ያምራል።

በበዓል ቀን መቁጠሪያ ላይ የሌሉት ደግሞ አሉ። ካዛንቺስ አካባቢ ስሠራ ጀበና ቡና የምጠጣባት ሴት አለች። የመንገድ ዳር ናት፤ አንድ ጃንጥላ፣ ጥቂት ዱካዎች፣ ረከቦት። አንድ ጠዋት ደርሼ ሳልቀመጥ «ዛሬ ካሜራሽን ይዘሻል?» አለችኝ። ይዣለሁ አልኳት። ልጇ የ12ኛ ክፍል ውጤት መጥቶላት ነው። አልፋለች። ልጅቷን ጠራቻት። የዕጣኑን ማጨሻ ወደ ዳር ገፋች፣ ሲኒዎቹን አስተካከለች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ነጠላዋን ለበሰች። ልጅቷን ዘወትር ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ አስቀመጠቻትና ራሷ ከኋላዋ ቆመች። እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ደንበኞቹ ስኒያቸውን ይዘው ከፍሬሙ ወጡላቸው። አንዱ ባለታክሲ ግን መግባት እንደሚፈልግ ተናገረ፤ ልጅቷን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃታል። ገባ። ኮፍያውን አወለቀ።

ሳያውቁ ባነሳቸው ኖሮ ቡና የምትቀዳ እናት አገኝ ነበር። እሱን ፎቶ ብዙ ሰው አንስቷል። እሷ ግን በዚያ ቀን ቡና ቀጂ ሆና መታየት አልፈለገችም። የልጅ እናት ሆና መታየት ነው የፈለገችው። የሚነሳው ሰው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ራሱ ያውቃል። ጠይቄ፣ ጠብቄ፣ በፈለገው መልክ ማንሳት ለኔ ትልቁ የሙያዬ ክብር ነው።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ ያለው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ሁሉም «በቴሌግራም ላኪልን» ይላል። እልካለሁ። ግን እባካችሁ «በፋይል ላኪልን» በሉ፤ ዝም ብሎ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ስታሳትሙት ይደበዝዛል። ቀጥሎ አሳትሙት። የእናቴ ፎቶ የዘለቀው ወረቀት ስለሆነ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ፒያሳም ሆነ መርካቶ ዛሬም የሚያትሙ ቤቶች አሉ፤ እዚያው ቆማችሁ ትወስዳላችሁ። ለእማማ አንድ፣ ውጭ አገር ላለው ልጅ አንድ፣ ለቤቱ አንድ።

ከታተመ በኋላ ጀርባው ላይ ጻፉበት። ጠንካራ እስክሪብቶ ፊቱን ያበላሸዋል፤ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፣ ጠርዙ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ። ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን አስፍሩ። ማሙሽ፣ ሚሚ ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ሙሉ ስም ከነአባት ስም ይሁን። እማማንም እማማ ብቻ አትበሏቸው፤ ስማቸውን ጠይቋቸው። የቆማችሁበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ወሩን ጻፉ፤ ዓመተ ምሕረቱንም አትዝለሉት። እንጨት የተሸከመው ልጅ የትኛው እንደሆነም ምልክት አድርጉ።